ከሁለቱ ወይኖች የቀረችው

አበባው ዘንድሮም ረገፈ።

እትዬ እታገኘሁ ከወይኗ ሥር ያለውን ሲሚንቶ ሲጠርጉ፣ የረገፈው አበባ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ እየቦነነ ቀሚሳቸው ላይ ተለጠፈ። ጎንበስ ብለው አንድ ቁንጥር አነሱና መዳፋቸው ላይ ዘርግተው በመነጽራቸው አዩት። ፍሬ ልሁን ያለ ነገር አንድም የለበትም። እፍ አሉት።

«ምን በደልኩሽ?» አሏት ወይኗን። «ውሃ ጠማሽ? እኔ ሳልጠጣ አንቺን አጠጣለሁ። ፍግ አማረሽ? የእንቁላል ቅርፊት ስወቅጥልሽ ነው የምውለው። ጠበል እንኳ ረጨሁሽ! ሰው በጠበል ይድናል፤ አንቺን የያዘሽ ምን የሚሉት ነው?»

ወይኗ ከፌርፋክስ ሱቆች ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓሮ፣ ከጋራዡ ግድግዳ እስከ ኋለኛው አጥር በተወጠረው ሽቦ ላይ ተንጠራርታ ተኝታለች። ቅጠል ከተባለ ቅጠል ሞልቷል። ሐረግ ከተባለ ሐረጓ የጎረቤት መስኮት ሊገባ ምንም አልቀረው። የጠፋው ፍሬ ብቻ ነው።

ዓይነቷ መስከዳይን ይባላል። እትዬ እታገኘሁ ስሙ አፋቸው ላይ አልሆን ስላላቸው «የጆርጂያዋ» ይሏታል፤ ከዚያ ክፍለ ግዛት የመጣች ናትና። እንደ ጌጥ የተተከለችም አይደለችም፤ የስለት ወይን ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጃቸው ሳሌም የተወለደችው በሰባት ወሯ ነበር። ኪሎዋ ከአንድ ብዙም አይዘል፤ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተተክሎ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝታ፣ ደረቷ እንደ ወፍ ጫጩት ይርገበገባል። እትዬ እታገኘሁ ከመስታወቱ ውጭ ቆመው፣ «ቅድስት ማርያም፣ ይህችን ሕፃን ብታተርፊልኝ በገዛ እጄ ያበቀልኩትን ዘቢብ ለቅዳሴሽ አገባለሁ» አሉ። ጧፍ ማለት ይቻል ነበር። ጥላ ማለት ይቻል ነበር፤ ተገዝቶ በሳምንቱ ይገባል። ግን ድሬዳዋ አባታቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ወይን ነበረች፤ ምናልባት እሷ ትዝ ብላቸው ይሆናል። የቅዳሴውም ወይን የሚጨመቀው ከዘቢብ ነው። ብቻ ቃሉ አንዴ ከአፋቸው ወጣ።

ሳሌም ተረፈች፤ ይኸው ስድስት ዓመቷ። ስለቱ ግን አልገባም። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር እትዬ እታገኘሁ ግንባሯን ይዳስሳሉ። ጉንፋን ከያዛት ስለቱ ነው። ከስኩተሯ ወድቃ ጉልበቷ ከተላጠ ስለቱ ነው። ባለፈው ሰሞን የፊት ጥርሷ ሲነቃነቅ «እኔ ነኝ ይህን ያመጣሁባት» ብለው ቁርስ አልበላ አላቸው፤ ልጃቸው ራኬብ «እማዬ፣ ስድስት ዓመቷ እኮ ነው! ጥርስ መውለቁ ነው» እስክትላቸው ድረስ። የንስሐ አባታቸው «ከገበያ ገዝተው ያግቡ፤ እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው» ብለዋቸው ነበር። «በገዛ እጄ ብያለሁ፣ አባ» አሉ እትዬ እታገኘሁ፤ «ለሰው የገባሁትን ቃል የማልለውጥ ለእሷ እለውጣለሁ?»

ወይኖቹን የሰጧቸው ያኔ ጎረቤታቸው የነበሩት ሚስስ ኦዴል የሚባሉ የጆርጂያ ሴት ናቸው። ወይኖቹ ያልኩት ሁለት ስለነበሩ ነው። ሴትየዋ ሁለት ችግኝ በሁለት ባልዲ ይዘው መጡና፣ ሁለት ጣታቸውን አጣብቀው እያሳዩ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ተናገሩ። እትዬ እታገኘሁ «አንቺና እኔ እንዲህ ነን» ያሏቸው መስሏቸው አቅፈው ጉንጫቸውን ሳሟቸው። ሴትየዋ በዓመቱ ወደ አገራቸው፣ ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

በሦስተኛው ዓመት አንደኛዋ ወይን አፈራች። እንደምናውቀው ወይን በዘለላ አይደለም፤ እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሦስት፣ ቆዳው ወፍራም፣ ሲበስል ጠቆር ያለ ሐምራዊ። ሠላሳ ስምንት ፍሬ። እትዬ እታገኘሁ ለሁለት ለሁለት ሰነጣጥቀው፣ ዘሩን አውጥተው፣ በሰፌድ ላይ አሰጡት። ደርቆ ሲነሳ ግማሽ እፍኝ አልሞላም። «ይህንን በስኒ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ልግባ? ሰው ምን ይለኛል? ለከርሞ አብዝቼ አገባለሁ» አሉና ለሳሌም አበሏት። ዛሬ ያ እንደ እሾህ ይወጋቸዋል።

ሁለተኛው ወይን ግን፣ በኋለኛው አጥር በኩል የተተከለው፣ አበባው የትየለሌ፣ ፍሬው ዜሮ። የሽቦውን ግማሽ ይዞ መንቀባረር ብቻ። እትዬ እታገኘሁ ክረምቱን ሙሉ በክፉ ዓይን ሲያዩት ከረሙና አንድ ቅዳሜ አማቻቸውን ሲሞንን ጠሩት።

«ይሄ ይነቀልልኝ።»

«እማማ፣ ትንሽ ብንታገሠውስ? ያሳዝናል።»

«ሦስት ዓመት ታገሥነው! ፍሬ የሌለው ነገር ቦታ አይያዝ። ይህች ምስኪን እስኪ እንደ ልቧ ትዘርጋ።»

ሲሞን ጥሩ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይቆጣም፣ ሲነጋ መኪናውን አስነስቶ ሰው ሲያመላልስ ይውላል። አንድ ዓመል አለበት፤ የጀመረውን አይጨርስም። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ግማሹ ነጭ ግማሹ ክሬም የሆነው በእሱ ነው። የሳሌም መጽሐፍ መደርደሪያ ሁለት ብሎን ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ይኖራል። ያን ቅዳሜ ግን አካፋ ይዞ ገባ፤ ሲያልበው፣ ሲቆፍር፣ ሲያቃስት አረፈደ። እትዬ እታገኘሁ ከቤት ሲወጡ ቦታው ተደልድሏል፤ የእሳቸው የጤና አዳም ማሰሮም መጥቶ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

«ከነሥሩ ነቅዬዋለሁ፣ እማማ» አለ ላቡን እየጠረገ።

«እሰይ! ዛሬ አንድ ነገር ጨረስክ።»

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው እንግዲህ የጆርጂያዋ የነጠፈችው። ያኛው ዓመት፣ ባዶ። ዘንድሮም ይኸው። እትዬ እታገኘሁ አወጡ አወረዱና አንድ መልስ አገኙ፤ ሲሞን ያንን ሲነቅል የዚህችን ሥር በአካፋ መቶታል። ፊት ለፊት አልተናገሩትም፤ አማች ነው። ግን ነገር በየማዕዱ ጣል ማድረግ ማን ይከለክላቸዋል? «አንዳንድ ሰው አካፋ ሲይዝ ዓይኑን ይጨፍናል።» ወጥ ሲጨምሩለት ደግሞ፣ «ብላ ልጄ፣ ብላ። ሥር መምታት አቅም ይጨርሳል።» ሲሞን ጆሮው እየቀላ ይጎርሳል። አንድ ቀን እንኳ «አልመታሁም» አላለም። ይህ ዝምታው ለእትዬ እታገኘሁ ከምስክር በላይ ነበር።

አበባው በረገፈ በማግስቱ ራኬብ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጓሮ ወጣች። እጇ ላይ ሜትር ይዛለች።

«ምን ልትለኪ ነው?»

«እማዬ፣ ፕሊስ እንዳትቆጪ። ለሳሌም የዥዋዥዌ ስዊንግ ኦርደር አድርጌያለሁ። ሌላ ቦታ የለም፤ ካለዚህ በቀር።»

«ወይኗስ?»

«ወይኗማ…» ራኬብ ወደ ሽቦው አየች። «ከተተከለች አምስት ዓመት ሆናት እኮ። ልጅቷ የምትጫወትበት አጥታ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው የምትውለው። ሶ፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል ልጠብቅ። አንድ ነገር ካፈራች ኦኬ፣ አልነካትም። ካላፈራች ግን ሰው አምጥቼ አስቆርጣታለሁ።»

«የእመቤታችን ናት! የስለት ነገር በመጋዝ ይነካል?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ‹ፍሬ የሌለው ነገር ቦታ አይያዝ› ያልሽው?»

እትዬ እታገኘሁ መጥረጊያቸውን አንስተው የተጠረገውን መልሰው ጠረጉ። የገዛ ቃላቸው ነው። ሳሌም በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እማማ፣ ስዊንጉ ፐርፕል ነው!» አለቻቸው። ወዲያው ደግሞ ሳል አላት፤ ሁለት ጊዜ። እትዬ እታገኘሁ መጥረጊያቸውን ጥለው ሹራብ ፍለጋ ሮጡ።

ሰኔ ሚካኤል ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይኗን መጥተው እንዲያዩላቸው ጋሼ አሥራትን ለመኑ። ጋሼ አሥራት በወጣትነታቸው ዓለማያ የእርሻ ትምህርት የተማሩ፣ ኋላ ጋርዴና ከተማ አንድ ችግኝ መሸጫ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዕፅዋት ሌላ ወሬ አያውቁም፤ ለዚህም ሲባል ሰው ይሸሻቸዋል። እትዬ እታገኘሁም እስከ ዛሬ ሸሽተዋቸው ነበር።

«ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ሦስት ጊዜ ዞርኩ» እያሉ ገቡ። «ያቆምኩበትም አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቅደው። የት አለች በሽተኛዋ?»

እትዬ እታገኘሁ አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ወይኗን የሰጧቸውን ሴትዮ፣ ውሃውን፣ ቅርፊቱን፣ ጠበሉን፣ የተነቀለውን ሳያነሱም የአካፋውን ነገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጋሼ አሥራት ዘግይታ ከፈነዳች አበባ አንዷን ቀጠፉና ከኪሳቸው አጉሊ መነጽር አውጥተው አዩዋት። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ሥሯን ማንም አልመታትም፣ እትዬ እታገኘሁ። ጤነኛ ናት። ከእኔም ከእርስዎም ትሻላለች።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው?»

«ሴቴ ናት።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው? ወይን ሁሉ…»

«የለም፣ የለም። የእኛ አገሩ ወይን ሁለቱንም በአንድ አበባ የያዘ ነው፤ ለብቻው ያፈራል። መስከዳይን ግን እንደ ፓፓያ ነው። ወንዴው ለብቻ፣ ሴቴዋ ለብቻ። እነዚህን ክሮች አዩ? ወደ ታች ተቆልምመዋል፤ ዱቄታቸው የማይረባ ነው። ወንዴ አጠገቧ ከሌለ መቶ ዓመት ብታብብ አታፈራም። ሴትየዋ አንድ ብቻ ነበር የሰጡዎት?»

እትዬ እታገኘሁ ወደ ኋለኛው አጥር ዞሩ። ሁለት የተጣበቁ ጣቶች ታዩዋቸው። ጉንጫቸውን የሳሟቸው ሴትዮ፣ ያን ሁሉ እንግሊዝኛ እያወሩ። አበባው የትየለሌ፣ ፍሬው ዜሮ። «ይነቀልልኝ!» ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ሰው፣ ወንዴ ፓፓያ ሁሉ አይቆረጥም፣ አንዱ ለዘር ይቀመጣል ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው! ግን ወይን ወንዴ እንዳለው ማን ሰምቶ ያውቃል?

«ሁለት ነበሩ» አሉ በመጨረሻ። «አንዱን እኔ አስነቀልኩት።»

ጋሼ አሥራት ሰው ማጽናናት አይችሉበትም። ስለዚህ ሽቦውን እየተከተሉ ወደ ኋለኛው አጥር አዘገሙ፤ ዕፅዋት ማየት ነው የሚያውቁት። የጤና አዳሙ ማሰሮ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ቅጠል ገለጥ አደረጉ።

«ኧረ! እትዬ እታገኘሁ፣ ወዲህ ይምጡ። ይችን ማን አስረገዛት?»

በዚያች ጥግ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ አረንጓዴ ዶቃዎች ተንጠልጥለዋል። እትዬ እታገኘሁ ቆጠሯቸው። ሰባት። በሌላው ሽቦ ላይ አንድም የለ፤ እዚህ ጥግ ብቻ ሰባት።

«ንብ ዱቄቱን ከሩቅ አታመጣውም» አሉ ጋሼ አሥራት ሰዓታቸውን እያዩ። «እዚሁ ቅርብ ወንዴ አለ። ይፈልጉት። እኔ መኪናዬን ሊያነሱብኝ ነው።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ እትዬ እታገኘሁ በጎን በር ዞረው ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው፣ የቆሻሻ መኪና ወደሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ወጡ። ለወትሮ አይወጡበትም፤ ውሻ ይፈራሉ። ቆሻሻ መጣያዎቹን አንድ በአንድ ገፋ አደረጉ። ከሦስተኛው ጀርባ፣ በአጥሩ እንጨት ሥር ሾልኮ፣ አንድ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሐረግ ወጥቶ፣ የመብራት እንጨቱን ይዞ ሽቅብ ተጠምጥሟል። ከግርጌው ብዙ ጊዜ የተቆረጠበት ጠባሳ አለው፤ የጎረቤቱ አትክልተኛ በየጊዜው እየመለመለው ይሆናል። ዘንድሮ ግን ያ ሰውዬ አልታየም። ሐረጉም አብቧል፤ ንቦች ይተራመሱበታል።

ቅጠሉን ባዩ ጊዜ አወቁት። ክረምቱን ሙሉ በክፉ ዓይን ያዩትን ማን ይረሳል?

ተመልሰው ገቡ። የጤና አዳሙን ማሰሮ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ጎተቱት። ከሥሩ፣ እርጥብ ጥቁር ጉቶ፣ ከጎኑ ወደ አጥሩ የሚሮጥ ሥር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ጤና አዳሜ» እያሉ ያጠጡት ውሃ ወዴት ይወርድ እንደነበር አሁን ገባቸው።

«ሲሞን!»

«አቤት፣ እማማ!» ሲሞን መኪናውን ሲያጥብ ነበር፤ አረፋ በእጁ እያንጠባጠበ መጣ። ማሰሮውን አየ። ጉቶውን አየ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«…ጉቶ።»

«ከነሥሩ ነቀልኩት አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ከሰማይ ወረደ?»

«ሥሩ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ነበር፣ እማማ። አካፋው እንቢ አለ። ካልቨር ሲቲ ደግሞ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረ። ቆረጥኩና… ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ ጤና አዳሙን አስቀመጥኩበት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ?»

«ከዚያ እርስዎ ሥሯን መታህ ማለት ጀመሩ። እሷ ጋ ጭራሽ አልደረስኩም ልል ስል ‹እስኪ የቆፈርክበትን አሳየኝ› ቢሉኝስ ብዬ ዝም አልኩ።»

እትዬ እታገኘሁ ሊጮሁ አየር ሳቡ። ጩኸቱ ግን የሚያርፍበት አጣ። ይህ ሰው በአግባቡ ቢሠራ ኖሮ ወንዴው ዛሬ የለም። ባይዋሻቸው ኖሮ፣ እሳቸው ራሳቸው «ጨርስ!» ብለው አናቱ ላይ ቆመው ያስነቅሉት ነበር። ማንን ይቆጡ? አካፋውን?

«ዋሽተኸኛል» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ደግ አደረግህ አልልህም።»

«አይበሉ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ግማሽ ሥራ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ደስ አለኝ፤ እሱም አናደደኝ!»

ሲሞን ሳቁን ዋጠ። እትዬ እታገኘሁ መቀሱን ሰጡት።

«ሂድ፣ ከኋላ በኩል አበባ የያዘውን ቅርንጫፍ ቁረጥልኝ። ትንሽ ትንሹን! እንደ ልማድህ ግማሹን ትተህ እንዳትመጣ… ወይም ተወው፤ ግማሹን ተው። እዚያው ይኑርበት።»

ከሰዓቱን ሁለቱ ሽቦው ሥር አሳለፉ። ሲሞን ረጅም ስለሆነ የወንዴውን አበባ ከላይ ያራግፋል፤ እትዬ እታገኘሁ ከታች ሆነው ገና ያልረገፉትን የሴቴዋን አበቦች እያነፈነፉ ያሳዩታል። «እዚህ። እዚህም። ኧረ ቀስ፣ ሰው እንደሚገርፍ አታድርገው!» ብጫው ዱቄት በሲሞን ቅንድብ ላይ ተቀምጦ አስነጠሰው። «ይማርህ» አሉት፤ ይህንን እንኳ ካሉት ስንት ጊዜያቸው ነው።

«ያ የአካፋው ነገር…» ብለው ጀመሩ፣ አንድ ቦታ ላይ።

«ምኑ፣ እማማ?»

«ምንም። ቅርንጫፉን ከፍ አድርገህ ያዝ።»

ሲሞን ከፍ አድርጎ ያዘ። ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ እንደ ማዕዱ ጊዜ ግን አልነበረም።

ሰኔ ሚካኤል ዕለት ራኬብ ከሥራ ስትመጣ እናቷ በሩ ላይ ጠበቋት፤ ቦርሳዋን ተቀብለው፣ እጇን ይዘው ወደ ጥጉ ወሰዷት። ሰባቱ አተር አክለዋል፤ ሲሞን የሳሌምን አሮጌ የአልጋ አጎበር ቆርጦ ወፍ እንዳይነካቸው ሸፍኗቸዋል። ከመካከለኛው ሽቦ ላይ ደግሞ የመርፌ ጭንቅላት የሚያክል ነገር እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሏል፤ ይቁም ይርገፍ ገና አልታወቀም።

«ሶ፣ ጠቅላላው ሰባት ነው?» አለች ራኬብ።

«ሰባት ነው።»

«ሰባት ዘቢብ ልታገቢ ነው?»

«አገባለሁ! በሠላሳ ስምንቱ ኮርቼ ይኸው ያየሁትን አየሁ። የቀረው ከርሞ ይምጣ። ሰባቷን በስኒ ይዤ እገባለሁ፤ ሰው የፈለገውን ይበል።» ወዲያው ቆጣ አሉ። «እና ስዊንጉን የት ልታደርጊው ነው? ጋራዡ ፊት አድርጊው፣ መኪናው ውጭ ይደር።»

ራኬብ እናቷን አየች፣ አጎበሩን አየች፣ ሜትሯን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ኦኬ። ሲሞን ጋራዡ ፊት ይገጥመዋል።»

«እሱ ከገጠመው» አሉ እትዬ እታገኘሁ፣ «ልጅቷ ኮሌጅ እስክትገባ አያልቅም፤ ወይኗንም የሚነካ የለም።»

አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የስዊንጉን ካርቶን ቀደው በወፍራም ማርከር ጻፉበት። የእጅ ጽሑፋቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ነው፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ የተጠነቀቀ። «ወንዴ ነው። አይቆረጥ።» ሳሌም ደግሞ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጨመረችበትና አንድ ሐምራዊ ወይን ሣለችበት። ከኋላ ወጥተው መብራት እንጨቱ ላይ ሲያስሩት ልጅቷ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች።

እትዬ እታገኘሁ ደነገጡ፤ ክሩን እንደያዙ ወደ ልጅቷ ዞሩ። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ብጫ ዱቄት ተለጥፏል። በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ይማርሽ» አሏት፤ ክሩንም ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።